እሳት ሲነሳ አዛዡ ማን ነው?

እንደሚታወቀው የጋዜጠኝነት ተማሪ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። ስለ እሳት አደጋ የሚሠሩ ዜናዎቻችንን በእነዚህ ጥያቄዎች ብንመዝናቸው «የት» እና «መቼ» ሁሌም አሉ። «ምን ያህል ብር የሚገመት ንብረት» የሚለውም አይቀርም። «ማን» የሚለው ግን ወይ የሞተውን ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ ቦታው ድረስ መጥቶ የጎበኘውን ባለሥልጣን ነው። እሳቱ እየነደደ «አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ያንን በር አትክፈቱ» ብሎ ያዘዘው ሰው በዜናችን ውስጥ የለም። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ሥራ ለማየት እሞክራለሁ። ርእሱን የመረጥኩት እሳት ስለምወድ አይደለም (አንዳንድ ጓደኞቼ እንደዚያ ብለው ቀልደውብኛል)። የእሳት አደጋ ሥራ ከውኃው በፊት የአመራር ሥራ መሆኑን ካወቅን የምንጠይቀው ጥያቄ ስለሚቀየር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የእሳት አደጋ መኪና ሳይረኑን እያሰማ ሲደርስ ተመልካቹ የሚጠብቀው ሠራተኞቹ ዘለው ወርደው ውኃ እንዲረጩ ነው። ካልረጩ «ምን ቆመው ያያሉ?» ይባላል። ሆኖም ግን ጥሩ የቡድን መሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ማየት ነው። ውስጥ ሰው አለ? የሚነደው ምንድን ነው? ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው፣ በየት በኩል እየወጣ ነው? ንፋሱ ወደየት ይነፍሳል? ጎረቤት ያለው ቤት ቆርቆሮ ነው ወይስ ጭቃ፣ ከጎኑስ የጋዝ ሲሊንደር አለ? መብራት ተቋርጧል? ውኃው ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ በየትኛውም አገር አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሕይወት፣ ቀጥሎ እሳቱ እንዳይዛመት መክበብ፣ በመጨረሻ ንብረት።

ይህ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሬት ላይ ሲሆን ግን መሪው አንዱን ሱቅ ለእሳቱ ትቶ ቀጥሎ ያሉትን አሥር ሱቆች ለማዳን ሊወስን ይችላል። የተተወው ሱቅ ባለቤት ፊት ለፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ነው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ መስጠት የሚችል ሰው ካልተገኘ ሁሉም ሱቅ ላይ ትንሽ ትንሽ ውኃ ይረጭና ሁሉም ይቃጠላል።

ስለ ውኃው አንድ ሂሳብ እንሥራ። ለምሳሌ 10,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ቱቦ ከተዘረጋ በ10 ደቂቃ። ስለዚህ መሪው የመጀመሪያው ውኃ መረጨት በጀመረበት ደቂቃ ስለ ሁለተኛው ቦቴ ማሰብ አለበት። ካላሰበ ሠራተኛው እሳቱ አፍ ላይ ቆሞ ቱቦው ይደርቅበታል። ሕዝቡ «ባዶ መኪና ይዘው መጡ» የሚለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው። መኪናው ባዶ ሆኖ አልመጣም፤ አልቆበት ነው።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር ሰው «እኛ ምን ቸገረን፣ ጣና አጠገባችን ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ አለን፤ ዓባይም ከከተማችን ነው የሚነሳው። ነገር ግን የሐይቅ ውኃ ራሱ ወደ መኪና አይገባም። ፓምፕ ውኃን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ውኃን ወደ 10 ሜትር ከፍታ መሳብ ይችላል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ያ 10 ሜትር ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መኪናው ከውኃው ብዙ ሳይርቅና ብዙ ሳይተልቅ፣ ጭቃ ውስጥም ሳይሰምጥ መቆም አለበት። የሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ደለልና ቅጠል ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን በተለይ የሰሜንና የምሥራቁን ዳርቻ የወረረው እምቦጭ ደግሞ ለዚህም ጠላት ነው። እንግዲህ መኪና የሚደርስባቸው የዳርቻ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው የሚለውን ቀድሞ ማወቅ የአመራር ሥራ ነው ማለት ነው፤ እሳት ከተነሳ በኋላ በሌሊት የሚፈለግ ነገር አይደለም።

አንድ አዛዥ

እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከባድ የሰደድ እሳት ተነስቶ 13 ቀናት ያህል ቆየ። 16 ሰዎች ሞቱ፣ ከ700 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። በኋላ ሲገመገም ችግሩ የሠራተኛ ወይም የመኪና እጥረት ብቻ አልነበረም። ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የመጡት ቡድኖች አንዱ ከሌላው ጋር በሬዲዮ አይገናኙም፤ አንድን ዕቃ በተለያየ ስም ይጠሩታል፤ ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ ነው ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአደጋ እዝ ሥርዓት የተዘጋጀው። መርሆዎቹ ሲታዩ ተራ ነገር ይመስላሉ። አንድ አደጋ አንድ እዝ ይኖረዋል። አንድ ሠራተኛ አንድ አለቃ ብቻ አለው። አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራው ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ነው፣ አምስት ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከበዛ ለሌላ ያካፍላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀማል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? አይመስለኝም። እድርን እንመልከት። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑን የሚያወጣው የታወቀ ነው፣ ወንበር የሚቆጥረው የታወቀ ነው፣ ወጥ ቤቱን የሚመሩት እናቶች የታወቁ ናቸው። የእድሩ ዳኛ አንድም ጊዜ አይጮሁም። ሐዘን ውስጥ ያለ ሰፈር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ማስተናገድ የሚችለው ሥራው ሰው ከመሞቱ በፊት ስለተከፋፈለ ነው። እሳት ሲነሳ ግን ያው ሰፈር፣ ያው ሰው፣ ባልዲ ይዞ ይጋጫል።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ባለሥልጣን ሲደርስ ነው። ዜናችን «ከፍተኛ አመራሮች በቦታው ተገኝተው ሥራውን መርተዋል» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁሌም ይረብሸኛል። ከንቲባ ወይም የቢሮ ኃላፊ ቦታው ላይ መገኘቱ ጥሩ ነው፤ ሌላ ቦቴ ማስመጣት፣ መንገድ ማስዘጋት፣ መብራት ማስቋረጥ የሚችለው እሱ ነው። ነገር ግን ቱቦ ወደየት ይዙር የሚለውን እሱ ማዘዝ ከጀመረ ሠራተኛው ሁለት አለቃ አለው ማለት ነው። ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ድምፁ ከፍ ያለውን ይሰማል። ስለዚህ «ሥራውን መርተዋል» ብለን ከመጻፋችን በፊት በእርግጥ የመሩት እርሳቸው ናቸው ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ስሜን፣ 2011 ዓ.ም.

በክልላችን ይህንን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳይ አደጋ ቢኖር በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው እሳት ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። እሳቱ በመጋቢት ወር ተነሳ፤ ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና አገረሸ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ጓሳና አስታ አቃጠለ። ለማጥፋት የወጣው ሕዝብ ነው፤ ገበሬው፣ ሚሊሻው፣ የፓርኩ ሠራተኛ፣ ተማሪው። በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን መጣ።

እኔ ያኔ ደባርቅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ (እኛ «አያ» ነው የምንላቸው) ከወጡት አንዱ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ በክረምቱ እረፍት ሳናግራቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ውኃ ጥም ነው። ቅጠል ይዘው ይቀጠቅጣሉ፣ በመቆፈሪያ ሣሩን እየገፈፉ መስመር ይሠራሉ፣ የሚጠጣ ውኃ ግን ማን እንደሚያመጣ የሚያውቅ የለም። «አያ፣ ማን ነበር የሚያዛችሁ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ሁሉም ያዝ ነበር ልጄ» አሉኝ። አንዱ ወደ ላይ ውጡ ይላል፣ ሌላው ወደ ታች። ከቀናት በኋላ አንድ የፓርኩን መሬት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ የሁሉም ዓይን ወደ እሱ ሲሆን ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ያ ሰው ሥልጣን አልነበረውም፤ ነገር ግን ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ወደየት እንደሚዞር ያውቃል። አጎቴ ስለ እሱ ሲናገሩ «ዝቅ ብሎ ነው የሚናገር፣ ግን እንሰማዋለን» ነው ያሉት።

መሬቱን ማወቅ እዚህ ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ነበልባሉ ከፊቱ ወዳለው ሣር ይጠጋል፣ ትኩስ አየሩም ሣሩን ቀድሞ ያደርቀዋል። ባለሙያዎች እንደሚሉት ተዳፋቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ ዳገት ላይ ቆሞ መጠበቅ አደገኛ ነው። ሄሊኮፕተርም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ቆላው ብዙ ውኃ ተሸክሞ መብረር አይችልም።

ሌላው ነገር የቃላት ጉዳይ ነው፣ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ይሄ ነው። «እሳቱ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የምንለው ዓረፍተ ነገር በእሳት አደጋ ሰዎች ዘንድ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሆን ይችላል። አንደኛ እሳቱ ተከብቧል፣ ከመስመሩ ግን ገና አላለፈም ለማለት በቂ አይደለም። ሁለተኛ ከእንግዲህ አይዛመትም። ሦስተኛ ጠፍቷል፣ ፍሙም ተፈትሿል። የአስታ ሥርና የደረቀ ሣር ንብርብር ውስጥ ለውስጥ ለቀናት ሊጤስ ይችላል፤ ላዩን ሲያዩት አመድ ነው፣ ንፋስ ሲመጣ ይነሳል። አጎቴ «ጠፋ ተባለ፣ ወደ ቤት ገባን፣ በሬ እያረስኩ እንደገና ጭስ አየሁ» ነው ያሉኝ። እንግዲህ አንድ ጋዜጠኛ «ጠፍቷል» ብሎ ሲያውጅ ተራራው ላይ ያለው ሰው በሬዲዮ ይሰማዋል፤ ቢሰማ ደግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቃል በሺህ የሚቆጠር ክንድ ከቦታው ልታነሳ ትችላለች።

ስለ መታመን

ስለ ስሜን ሳስብ አብሮ የሚመጣብኝ ሌላ የዳገት እሳት አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1949 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ማን ጋልች በሚባል ሸለቆ 15 ሠራተኞች በፓራሹት ወረዱ፤ አንድ የጫካ ጠባቂም ተቀላቀላቸው። መሪያቸው ዋግነር ዶጅ ይባላል። እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ከበታቻቸው መጣና ሁሉም ወደ ዳገቱ መሮጥ ጀመሩ። ዶጅ እንደማያመልጡ ሲገባው ቆመ፤ ክብሪት አውጥቶ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለ። የሚነድ ነገር ያለቀበት አመድ ላይ ተኝቶ ዋናው እሳት እንዲያልፈው ነው። ሰዎቹንም ወደዚህ ግቡ እያለ ጠራቸው። አንድም ሰው አልገባም። አለቃችን አብዷል ብለው ሳይሆን አይቀርም፤ እሳት እየመጣ ሌላ እሳት የሚለኩስ ሰው ማን ይከተላል? 13ቱ ሞቱ። ዶጅ ተረፈ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ሮጠው በድንጋይ መሀል አመለጡ።

ካርል ዊክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን አደጋ እንደገና አጥንቶ ጽፎበታል። ዶጅ ያዘዘው ትክክል ነበር። ነገር ግን ከአብዛኞቹ ጋር አብሮ ሠርቶ አያውቅም፣ ብዙ የሚናገር ሰውም አልነበረም። ትክክለኛ ትእዛዝ ከማያውቁት ሰው ሲመጣ እብደት ይመስላል። እኔ እንደሚመስለኝ የእሳት አደጋ አመራር ትልቁ ክፍል እሳት በሌለበት ቀን የሚሠራ ነው። አብሮ መለማመድ፣ አብሮ ምሳ መብላት፣ ቱቦ መጠቅለል፣ መሪው ለምን እንዳዘዘ በኋላ ቁጭ ብሎ ማስረዳት።

ጋሪ ክላይን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእሳት አደጋ አዛዦች እንዴት እንደሚወስኑ ጠይቆ ነበር። አማራጭ እያወዳደሩ ይወስናሉ ብሎ ነው የጠበቀው። እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያወዳድሩም፤ ያዩት ነገር ከዚህ በፊት ካዩት ጋር ሲመሳሰል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ወዲያው ይመጣላቸዋል። አንዱ አዛዥ ስለ አንድ የመኖሪያ ቤት እሳት ነግሮታል። ውኃ ይረጫሉ፣ እሳቱ ግን አይበርድም፤ ክፍሉ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ ድምፁ ግን ከሚገባው በታች ነው። ነገሩ ስላልገጠመለት ብቻ «ውጡ» አለ። እንደወጡ ወለሉ ተደረመሰ፤ ዋናው እሳት ለካ ከሥራቸው ምድር ቤት ውስጥ ነበር። አዛዡ ስድስተኛ ስሜት ነው ብሎ ያምን ነበር። ክላይን ግን ልምድ ነው አለ። ይህ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያ ልምድ አብሮት ይወጣል፤ ካልተጻፈ ማለቴ ነው። መጻፍ ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ የእኛ ዲፓርትመንት ያውቃል።

ከተማና ሐይቅ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሳ ኃላፊዎች ደጋግመው የተናገሩት መንገዱ ጠባብ፣ ሱቆቹም የተጠጋጉ ስለሆኑ ሥራው አስቸጋሪ መሆኑን ነው። አዲስ አበባ በአገራችን በዚህ ሥራ የተሻለ የተደራጀ ኮሚሽን አላት፤ 939 ብሎ የሚደውለው ሕዝብም ብዙ ነው። አቶ ንጋቱ ማሞን የመሰለ ስሙ በእያንዳንዱ የእሳት ዜና ላይ የሚሰማ የኮሙኒኬሽን ባለሙያም አላት። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይደለም። ለጋዜጠኛ የሚናገር አንድ የተመደበ ሰው ካለ አዛዡ ማይክ ፊት አይቆምም፣ እሳቱን ያያል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ ተማሪ አይሰማም። 104 ሰዎች የያዘ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪው ለመመለስ ሞከረ፣ ሞተሮቹ አልቻሉም፤ ከማረፊያው ውጪ ሜዳ ላይ ጎማ ሳያወጣ አሳረፈው፣ አውሮፕላኑም በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፣ የቀሩት ተረፉ። በዓለም አቀፍ ደንብ የአውሮፕላን ማረፊያ እሳት አደጋ ቡድን በማኮብኮቢያው በየትኛውም ነጥብ ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። አውሮፕላኑ ከአጥሩ ውጪ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሲወድቅስ? ያን ጊዜ የማረፊያው ቡድን፣ የከተማው እሳት አደጋ፣ ፖሊስ፣ ቀይ መስቀል፣ ሆስፒታሉ እና በአቅራቢያው የሚያርሰው ገበሬ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አዛዡ ማን እንደሆነ እዚያ ሜዳ ላይ መነጋገር አይቻልም።

የጣና ገዳማት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ደሴት ላይ መኪና አይሄድም። ዘጌ ልሳነ ምድር ቢሆንም ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ጫካ ውስጥ ናት፤ የግድግዳ ሥዕሎቿ ደግሞ ውኃም እሳትም ያጠፋቸዋል። ጧፍና ዕጣን በሚበራበት፣ እንጨትና ጨርቅ በበዛበት ቦታ የመጀመሪያው እሳት አጥፊ በዚያ ያለው መነኩሴና ዲያቆን ነው፤ አዛዡም ሌላ ሰው ሳይሆን የገዳሙ አለቃ ናቸው። የሚያስተጋባው የድንጋይ ደወል በራሱ ሳይረን ነው። የሚጎድለው ከደወሉ በኋላ ማን ወደ ውኃው፣ ማን ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ማን ወደ ጀልባው እንደሚሮጥ መከፋፈሉ ነው። የገዳም ሥርዓት ከወታደር ቤት ያልተናነሰ ስለሆነ ይህ ከተማ ውስጥ ከሚሆነው ይልቅ እዚያ የሚቀል ይመስለኛል።

በዚህ ሴሚስተር ለሬዲዮ ኮርሳችን የምሠራው ፕሮግራም ከዚሁ ይነሳል። እሳት የሌለበት አንድ ቀን መርጬ ጥያቄዎቼን ይዤ እዞራለሁ። በሌሊት ሽፍት የመጀመሪያውን መኪና የሚመራው ማን ነው፣ ውኃ ለመቅዳት መኪና የሚቆምባቸው የሐይቁ ዳርቻ ቦታዎች ስንት ናቸው፣ የቅዳሜ ገበያን በር ቁልፍ ማታ ማን ይይዛል፣ ወደ ዘጌ በሌሊት የሚነሳ ሞተር ጀልባ ያለው ማን ነው፣ ስልኩስ ይነሳል ወይ?